ከነማ ማለት የነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው

ይድረስ፦ አዲስ የእግር ኳስ ክለብ ለማቋቋም ላሰባችሁ የከተማ አስተዳደሮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ክለብ ከመመሥረቱ በፊት የባለቤትነቱና የገንዘቡ ነገር እንዲታሰብበት ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

የሊጉ ውድድር ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በብዙ ከተማ አንድ ቁጭት ይነሣል። የጎረቤት ከተማ ስም በፕሪሚየር ሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ይነበባል፤ የእኛ የለም። ከዚያ አዳራሽ ይያዛል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ማሊያው ምን ቀለም ይኑረው በሚለው ላይ እስከ ምሽት ክርክር ይካሄዳል። የገንዘቡ ነገር ሲነሣ ግን አንድ ሰው ብድግ ብሎ «አስተዳደሩ በጀት ይመድባል» ይላል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ያ ጭብጨባ ያስፈራኛል። ክለቡ የሚሞተው በዚያች ደቂቃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቀብሩ ብቻ ለጥቂት ዓመታት ይዘገያል።

ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ኮሚቴ ካቋቋመ አንድ ከተማ «በሒሳብ በኩል አማክረን» የሚል ጥሪ ደረሰኝ። መልሴን ለእነርሱ ብቻ ከምልክ በአደባባይ ልጻፈው ብዬ ወሰንኩ፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ከተማ ጉዳይ አይደለም።

ስሙን በማልጠራው አንድ የከተማ ክለብ ውስጥ 6 ዓመት በሒሳብ ሹምነት ሠርቻለሁ። ክለቡ ዛሬ የለም። ቢሮው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል፤ ዋንጫዎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። የዓመቱን ዑደት ግን ዐይኔን ጨፍኜ ልደግመው እችላለሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የተጫዋቾች ዝውውር የሚደራውም በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ በጀት ገብቷል፣ ሁሉም ቸኩሏል፤ የፊርማ ገንዘብ በሐምሌና በነሐሴ ከካዝና ይወጣል። ውድድሩ ሳይጀመር የዓመቱ ገንዘብ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ ደሞዝ መዘግየት ይጀምራል። የካቲት ላይ ሒሳቡ ባዶ ነው፤ የሊጉ ሁለተኛ ዙር ግን ገና ነው። የተጨማሪ በጀት ጥያቄ ተጽፎ ለካቢኔ ይቀርባል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የመጠጥ ውኃ ያልደረሳቸው ቀበሌዎች ማመልከቻ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር እኔም የካቢኔ አባል ብሆን ኖሮ እጄን የማወጣው ለውኃው ነበር። ካቢኔው ኳስ ስለጠላ አልነበረም ገንዘቡ የተከለከለው። ክለቡ ገና ሲመሠረት ከውኃ ቧንቧ ጋር እንዲሻማ ተደርጎ ነው የተመሠረተው።

በመጨረሻው ዓመት ተጫዋቾቹ 4 ወር ሙሉ ያለ ደሞዝ ተጫውተዋል። እንዴት ኖሩ ብላችሁ ጠይቁ። ከካምፑ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት የነበራቸው አንዲት እናት በዱቤ ይመግቧቸው ነበር። ልጆቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ጠዋት ከልምምድ መልስ እንቁላል፣ ምሳ ሽሮ ወይም ምስር፣ ከጨዋታ ማግሥት ሲገኝ ሥጋ። ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይመዘግቡ ነበር፤ የሚጽፉትም በተጫዋቹ ስም ሳይሆን በማሊያው ቁጥር ነው። 7 ቁጥር፣ ምሳ። 7 ቁጥር፣ እራት። 1 ቁጥር፣ ሁለት እንጀራ ተጨማሪ። ደብተሩን ይዘው ቢሮዬ የመጡት በግንቦት ነው። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ድምሩ፣ ስሙ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሜዳችን ዙሪያ ይታይ የነበረው ስፖንሰር በዚያ ዓመት ከሰጠን ገንዘብ ይበልጥ ነበር። የክለባችን ዋናው ባለሀብት እሳቸው ነበሩ፤ ማንም አላወቀም። እኔም ውልና ደረሰኝ የሌለው ወጪ በመንግሥት ገንዘብ ሊወራረድ እንደማይችል ነገርኳቸው። ደንቡ እንዲያ ነበር። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። ክለቡ ሲፈርስ በዕዳ ዝርዝሩ ላይ አሰልጣኙ ነበሩ፣ ተጫዋቾቹ ነበሩ፣ ሆቴሎቹ ነበሩ። እሳቸው አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፤ ያ ክለብ የማን ነበር?

«ከነማ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንጠራዋለን። ፋሲል ከነማ፣ ሀዋሳ ከነማ፣ ባሕር ዳር ከነማ፣ አዳማ ከነማ እያልን አድገናል። ቃሉ ሲፈታ «ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ነው። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ስማቸውን ወደ «ከተማ» ለወጡት። ለብዙ ሰው ይህ ተራ የስም ለውጥ ይሆናል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ነዋሪዎቹና ማኅበሩ ከስሙ ወጥተው ከተማው ብቻውን የቀረ ይመስለኛል። እኔ በሠራሁበት ክለብ በ6 ዓመት ውስጥ አንድም ነዋሪ የክለቡን ሒሳብ አይቶ፣ የቦርድ አባል መርጦ፣ አሰልጣኝ ሲሰናበት አስተያየቱን ተጠይቆ አያውቅም። ዝናብ እየመታው የሚዘምር፣ በራሱ ወጪ አውቶቡስ ተከራይቶ ቡድኑን የሚከተል ሕዝብ ነበር። የእሱ ነው የተባለው ክለብ ሲፈርስም የሰማው ከሬዲዮ ነው።

እግር ኳሳችን እንዲህ አልተጀመረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት ያቆመው የሰፈሩ ልጆች ፍቅር ነው፤ ዓመቱ ደግሞ ጣልያን ሀገሪቱን የወረረበት ነበር። ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲካሄድ ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። እያንዳንዱ ከጀርባው የሚያውቀው ሰው ነበረው፤ ተጫዋቹ ቢታመም ማን ቤት እንደሚሄድ ይታወቃል። በዚያ መሠረት ላይ ነው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣ ቡድን የተገነባው። ይድነቃቸው ተሰማም በጊዮርጊስ ማሊያ ተጫውተው ነው ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለ15 ዓመት የመሩት። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ዘመን መጣ፤ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ፣ መከላከያ። በ1968 ዓ.ም. ከቡናው ዘርፍ ሠራተኞች የወጣው ኢትዮጵያ ቡና ከመካከላቸው በሕዝብ ልብ ውስጥ ሥር የሰደደው ነው።

የመሥሪያ ቤት ክለብ ጥቅም አለው፤ ደሞዝ በወቅቱ ይከፍላል። ችግሩ የክለቡ ዕድሜ በአንድ ሥራ አመራር ስብሰባ ላይ መንጠልጠሉ ነው። በአንድ ሰው ወይም በአንድ በጀት ላይ የቆመም ያው ነው። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ከታች ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ ያ ክረምት በጅማ ምን ዓይነት ደስታ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በ2014 ዓ.ም. ወረደ። 4 ዓመት ብቻ። ወልድያ ደግሞ በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመ፣ 25 ሺሕ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ ማንኛውም ትልቅ ከተማ የሚቀናበት ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. አገኘች፤ ቡድኗ ግን በቀጣዩ ዓመት ከሊጉ ተሰናበተ። ሲሚንቶ በልግስና ይገኛል። ማኅበር ግን በልግስና አይገኝም።

የ2016 የውድድር ዘመንን ደግሞ በተለይ አስቡት። ሦስት ቡድኖች ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ካለው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ፣ አደጉ፤ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማ እና ሀምበሪቾ ዱራሜ። ባንኩ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱ የከተማ ቡድኖች በዚያው ዓመት ወረዱ። ንግድ ባንክን አልወቅስም፤ ያለውን አቅም በሚገባ ተጠቅሟል። ነገር ግን ዱራሜን ወይም ሻሸመኔን የሚመስል ከተማ በደሞዝ ፉክክር ከባንክ ጋር ልወዳደር ቢል መጨረሻው አስቀድሞ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ከተማ በሌላ ነገር ነው ማሸነፍ ያለበት። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት የጣለው ከካይሮው ክለብ የበለጠ ገንዘብ ኖሮት አልነበረም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርኃዊ ደሞዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ገበያው ያን ጣሪያ ምን ያህል እንዳከበረው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለስሌት ያህል ግን እርሱኑ እንውሰድ። 25 ተጫዋቾች በወር 50 ሺሕ ብር ቢከፈላቸው በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ነው። በዚህ ላይ የአሰልጣኞች ደሞዝ፣ ካምፕ፣ ሕክምና፣ ትጥቅ፣ የጉዞና የሆቴል ወጪ አለ። አሁን ደግሞ ከሌላኛው ጫፍ እንነሣ። በከተማችሁ 20 ሺሕ አባወራና እማወራ በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 12 ሚሊዮን ብር ይሆናል። «ማን በየወሩ ያዋጣል?» የሚለኝ ሰው የእድራችንን አሠራር የረሳ ነው። እድር ያለ በጀት፣ ያለ ስፖንሰር፣ ያለ ካቢኔ ውሳኔ በየሰፈሩ ለትውልድ ቆሟል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው የሚከፍለው ነገ የእኔም ተራ ይደርሳል ብሎ ነው፤ ስሙም መዝገብ ላይ አለ፤ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበባል። ለእግር ኳስ ክለብ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አወቃቀር ከየትም ሀገር ልናስመጣ አይገባንም።

ነገር ግን መዋጮ ብቻውን በላይኛው ሊግ አያቆይም፤ ባለሀብትም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እለምናለሁ። በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ልክ ነው። ክለቡን እንዲሁ አክሲዮን አድርጋችሁ ብትሸጡት ሦስት ነጋዴዎች ተስማምተው ማሊያውንም፣ ስሙንም፣ ሜዳውንም ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ የነዋሪዎች ማኅበር ይቋቋም፤ በማኅበሩ ውስጥ ሚኒስትርም ሊስትሮም አንድ ድምፅ ይኑረው። ቀጥሎ ክለቡ አክሲዮን ማኅበር ሲሆን ያ የነዋሪዎች ማኅበር 51 በመቶውን ይያዝ፤ 49 በመቶው ለባለሀብት ይሸጥ። ይህ ሕልም አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ ሲምባ በእንዲህ ያለ መንገድ ነው የሄደው። ባለሀብቱ ሞሐመድ ደዊጂ በ2010 ዓ.ም. 20 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሺሊንግ ይዘው ሲቀርቡ አብላጫው ድርሻ በአባላቱ እጅ እንዲቆይ ተደረገ። ሲምባ ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በተደጋጋሚ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። ገንዘቡም ገባ፣ ክለቡም የአባላቱ ሆኖ ቀረ።

ከታች ስለመጀመርም አንድ ነገር ልበል፤ ኮሚቴዎች ይህን መስማት አይወዱም። በእንግሊዝ የዊምብልደን ክለብ ከሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄድ ሲፈቀድ ደጋፊዎቹ በ2002 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ተጫዋች የመረጡት በሰፈሩ ሕዝባዊ ሜዳ ላይ፣ ኑና ተፈተኑ ብለው ነው። የጀመሩት በዘጠነኛው እርከን ነበር። በ9 ዓመት ውስጥ ወደ እንግሊዝ ፕሮፌሽናል ሊግ ወጡ፤ በ2020 ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው የገዛ ራሳቸው በሆነ ስታዲየም ተመለሱ። የእኛ ኮሚቴዎች ግን በመጀመሪያው ዓመት ከፍተኛ ሊግ፣ በሁለተኛው ፕሪሚየር ሊግ ብለው በእቅዳቸው ላይ ይጽፋሉ። ያ እቅድ ተጫዋች በውድ መግዛትን ግድ ይላል፤ ውድ ተጫዋች ደግሞ ያን የሐምሌ ገንዘብ ይበላል፤ ወደ የካቲቱ ባዶ ካዝና እንመለሳለን።

ስለዚህ ከከተማ አስተዳደሮች የምለምነው ይህን ነው። ደሞዝ አትክፈሉ። መሬት ስጡ። የልምምድ ሜዳ አጥሩ፣ ውኃ አስገቡ፣ መብራት ትከሉ፣ በየትምህርት ቤቱ ለታዳጊዎች አሰልጣኝ ቅጠሩ። ይህ ወጪ ክለቡ ቢወርድም አይጠፋም፤ ሕፃናቱ ይጫወቱበታል፣ ሴቶቹም ይጫወቱበታል። ለአንድ አጥቂ ፊርማ የወጣ ገንዘብ ግን አጥቂው በሰኔ ሻንጣውን ሲይዝ አብሮት ይሄዳል።

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጥያቄዬ አጭር ነው። አዲስ ክለብ ለመመዝገብ ሲመጣ የድጋፍ ደብዳቤ አትቀበሉት። የአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ደሞዝ በዝግ ሒሳብ መቀመጡን ከባንክ ጠይቁት። ደሞዙ ከዚያ ሒሳብ በየወሩ ይለቀቅ። ደሞዝ አላገኘሁም ብሎ ለአቤቱታ ወደ እናንተ ቢሮ የሚመጣ ተጫዋች ቤተሰቡ አስቀድሞ የተራበ ነው፤ በኋላ የምታስተላልፉት የዝውውር ዕገዳ ለእሱ እንጀራ አይሆነውም።

ለፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ደግሞ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር አለኝ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ የሠራውን አደንቃለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለ5 ዓመት የተፈረመው የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ስምምነት ሊጋችንን በመላው አፍሪካ እንዲታይ አድርጓል። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ በ16 ክለብ እኩል ቢካፈል እንኳ በዓመት ለአንዱ ከ280 ሺሕ ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ቡድን አያኖርም። ከቴሌቪዥን ሌላ ክለብ ገቢ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ የሜዳ መግቢያ ነው። ጨዋታዎቹ ግን ለዓመታት በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው ሲካሄዱ ቆይተዋል። በኮሮና ጊዜ ምክንያቱ ይገባኝ ነበር፤ የስታዲየሞቻችንም ሁኔታ ይገባኛል፤ ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ በሀገሩ የሚጫወትበት ሜዳ አጥቶ በሰው ሀገር «ሜዳዬ» ሲል አይተናል። ሆኖም በከተማው አንድም ጨዋታ የማያደርግ ክለብ ለከተማው ሰው ምን ሸጦ ይኑር? ትኬት የለም፣ በስታዲየሙ በር ላይ የሚሸጥ ማሊያ የለም፣ በጨዋታ ቀን የሚሞላ ምግብ ቤት የለም። አባት ልጁን እጁን ይዞ ወደ ሜዳ የሚወስድበት ቅዳሜ የለም፤ ልጁም የሚያድገው በቴሌቪዥን የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊ ሆኖ ነው። ሁሉንም ክለብ በአንድ ቀን ወደ ሜዳው መልሱ አልልም። መስፈርቱን በግልጽ አውጡና ሜዳውን ያሟላ ከተማ በየተራ ይመለስ። አዲስ ክለብ የሚመሠርቱ ከተሞችም ገንዘባቸውን ከፊርማ ይልቅ በሣርና በአጥር ላይ የሚያውሉበት ምክንያት ያገኛሉ።

በየከተማው ላላችሁ ነዋሪዎችም አንድ ቃል። ኮሚቴው ማሊያ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ድምፅ አለኝ ወይ?» ይሁን። ከሌለ አትክፈሉ። ካለ ግን ሳትቆርጡ ክፈሉ፤ ቡድኑ ሲሸነፍም፣ ሲወርድም። የእድር ክፍያ በሰርግ ሰሞን አይቋረጥም፤ በክረምትም አይቋረጥም።

ጥሪ ላደረገልኝ ኮሚቴ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። እመጣለሁ። በራሴ ወጪ እመጣለሁ። የምከፍተው የመጀመሪያ መዝገብ የአባላት መዝገብ ይሆናል፤ የደሞዝ መዝገብ የሚከፈተው ያኛው 5 ሺሕ ስም ከሞላ በኋላ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። የመጀመሪያው ተጫዋች ከመፈረሙ በፊት ቡድኑን የሚመግቡት እናት ውል ይፈረምላቸው፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያም በስማቸው ባንክ ይግባ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የቀድሞ የእግር ኳስ ክለብ ሒሳብ ሹም

ግልባጭ
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
ለየክለቡ የደጋፊዎች ማኅበራት